በቆጮ ጉድጓድ የተቀበረ የባቡር ዋጋ

አፈር ብርን ይጠብቃል፤ ወረቀትን ግን አይምርም። ዘነበወርቅ ይህን የተማረችው ጣሊያን ቡታጅራን በያዘበት ዘመን፣ በእናቷ የቆጮ ጉድጓድ አፋፍ ተንበርክካ ነው።

እጮኛዋ ልብስ ሰፊው ዱባለ ለአርበኞች መስፋቱ ታውቆበት ስሙ ከሚታሰሩት ዝርዝር ገብቷል። ሁለቱ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ወጥተው፣ በባቡር ጅቡቲ ገብተው ሊጋቡ ተማምለዋል። ቀድሞ በምድር ባቡር ያገለገሉት አቶ ባልቻ፣ «የትኬት መስኮቱ ጠገራ ብር አይቀበልም፤ የጣሊያን ወረቀት ብቻ ነው» ብለዋቸው ነበር። ስለዚህ ዱባለ የስፌት መኪናውን ሸጦ ወረቀቱን ለእሷ አደራ ሰጣት። እሷም የአገሯ ሴቶች ጠገራቸውን እንደሚሸሽጉት፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከጉድጓዱ ጥግ ቀበረችው።

አሁን፣ በመሄጃቸው ቀን፣ ጥቅሉን ስትፈታ የቆጮው ውሃ ዘልቆታል። ከላይ ያሉት ወረቀቶች በጣቷ መካከል እንደ ሊጥ ፈረሱ፤ ከመሃል ያሉት ብቻ ተርፈዋል።

ዱባለ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ከገበያው የጭነት መኪናው ጡሩምባ ተሰማ።

«አውቀሽ ነው?» አላት። «እናቴን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ብለሽኝ ነበር።»

ቀና ብላ አየችው። በዐይኗ ቁጣ እንጂ እንባ አልነበረም።

«ወረቀት ገንዘብ ሲሆን ከአንተ በፊት ማን አሳየኝ? የተረፈው ለአንድ ሰው ይበቃል። ሂድ!»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጉድጓድ እጠብቃለሁ።»

ዱባለ ተንበርክኮ የተረፉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አላቀቀ።

«የትኬቱ ዋጋ የሚንረው ወሰኑን ስንሻገር ነው ብለውናል አቶ ባልቻ። ይህ ሁለታችንንም ድሬዳዋ ያደርሰናል። ከዚያ በእግር።»

«በረሃውን ማን ይመራናል? የግመል መሪዎች ጠገራ ካላዩ አይነቃነቁም።»

«አንቺ ልጅ፣ በጉድጓዴ ስትቀብሪ ያላየሁሽ መሰለሽ?» አለ ከእንሰቱ ጥላ አንድ ድምፅ። እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ነበሩ።

«አይተሽ ዝም አልሽ፣ እማዬ?»

«ጠገራ ብር መስሎኝ ነዋ!»

ክንዳቸውን ከጉድጓዱ ሌላ ጥግ እስከ ብብታቸው ከተው አንድ ቋጠሮ አወጡ። ጠገራዎቹ ጠቁረዋል፤ ሲያጋጯቸው ግን ጮኹ።

«ልብስ ሰፊ ለልጄ አልተመኘሁም» አሉት ዱባለን። «ግን እስር ቤት ከምጠይቀው አማች፣ አገር የራቀው ይሻለኛል። ሂዱ!»

በመኪናው ላይ፣ በከረጢቶች መካከል፣ ዱባለ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ክፉ ተናገርኩሽ።»

«ተናገርክ። ትክሳለህ።»

«በምን?»

«ጅቡቲ መጀመሪያ የምትሰፋው ቀሚስ የእኔ ነው።»

አዲስ አበባ ላይ ትኬት ቆራጩ ወረቀቶቹን አሸተተ፤ ፊቱን አጨማደደ። ወደ እነሱም ቀና አለ።

«ይህ ምን ይሸታል?»

«ቤታችን» አለችው ዘነበወርቅ።

ሰውዬው ከኋላ የተኮለኮለውን ሰልፍ አየና ሁለት ትኬት ቆረጠ።

ከድሬዳዋ በተነሡ በዐሥራ አንደኛው ቀን የግመል መሪው ቆመ። «ከዚህ ወዲያ የፈረንሳዮች ነው» አላቸው። ዘነበወርቅ የመጨረሻውን ጥቁር ጠገራ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው። መሪው በድንጋይ አጋጭቶ ጩኸቱን ሰማና ኪሱ ከተተው።

አላሸተተውም። ዱባለ ከቡታጅራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው።