ጣራ የነበረችው ጀልባ

በአዝመላ መንግሥት ዝናብ ደስ ሲለው አይዘንብም፤ የሰማዩ ከበሮ ሲመታ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ሰማዩ ጉበት መስሎ ነጋ። ሮጠው ቢያዩ ከበሮው የለም! ጎርማ ሰርቆታል። ጎርማ አንገቱ እንደ ማማ የረዘመ፣ ዓይኑ ጋሻ የሚያክል የሐይቅ አውሬ ነው፤ የሀገሩንም ጀልባ ሁሉ ሰባብሮ ጨርሷል።

ንጉሥ ኩርሻም አደባባይ ወጡ። «ሕዝቤ ሆይ! ማሳው በሰባት ቀን ካልጠጣ አዝመላ ትጠፋለች። ከበሮውን የሚያመጣ ጀግና ማነው?» ጀግና ነኝ ባዩ ሁሉ አቀርቅሮ የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔ አለሁ!» አለ ዘንጎ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዘንጎ እኮ ፊደል ሳይጨርስ የተባረረ፣ የበቅሎ ጅራት ከዳኛ ወንበር ጋር ያሰረ ጉድ ነው።

«በምን ልትሄድ? በምላስህ?» አለችው ጠላ ሻጯ ሊማት።

«በጣራሽ!»

እውነቱን ነው። የሊማት ጠላ ቤት ጣራ የአያቷ ጀልባ ነበረች፤ ተገልብጣ፣ በአራት ምሰሶ ላይ ተቀምጣ። ለዚህ ነው ጎርማ ያላገኛት።

ሊማት ጣራዋን አየች፣ ዘንጎን አየች። «ውሃ ይውጠኝ፣ እኔም እሄዳለሁ! ንብረቴን ላንተ አላምንም።»

ጀልባ ሠርተው የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ቀርተዋል፤ ዓይናቸው የደከመው አናጢው አባ ደርሶ። ጀልባዋ ስትወርድ ሆዷ በጭስ ጠቁሯል። በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱና፣ «ጭሱ ከምስጥ አድኗታል! ሁለት ሳንቃ ብቻ ነው የበሰበሰባት» አሉ።

ሳንቃ ከየት ይምጣ? ዘንጎ በጠራራ ፀሐይ ሄዶ የንጉሡን የፈረስ ጋጣ በር ተሸክሞ መጣ።

«ማን ሰጠህ?» አሉት አባ ደርሶ።

«ፈረሶቹ።»

በሩን ጠረቡት፣ በገመድ ከጀልባዋ ጋር ሰፉት። ስንጥቁን በጥጥና በሙጫ መድፈን ቀረ። «ስማኝ ልጄ» አሉ አባ ደርሶ፣ «አጥብቀህ እንዳትጠቀጥቅ። ይህን ያህል ዘመን የደረቀ እንጨት ሐይቅ ሲገባ ይጠጣል፣ ያብጣል። ማበጫ ተውለት። መጀመሪያ ብታፈስ አትደንግጥ፤ ራሷ ትገጥማለች።»

«እሺ አባባ!»

እሳቸው ለምሳ ዘወር ሲሉ ግን መንደርተኛው መጣ። «ይቺ ጀልባ ናት ወንፊት?» እያለ ሲስቅ የዘንጎ ደም ፈላ። መዶሻ አንስቶ ጥጡን ጠቀጠቀ፣ ጠቀጠቀ፣ መርፌ እንኳ እንዳይገባ አድርጎ ደፈነው።

ሐይቅ ስትገባ ጠብ አላለችም! ዘንጎ ጨፈረ፣ ሕዝቡ እልል አለ። አባ ደርሶ ወለሉን ዳበሱ። «አንተ፣ እንዴት አላፈሰችም?»

«ጎበዝ ነኛ!»

ሦስቱ ቀዘፉ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጎርማን አገኙት፤ ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ፣ ከበሮውን በጅራቱ አቅፎ ያንኮራፋል። ሊማት እንደ ድመት ዘላ ወረደች። ጅራቱን ቀስ ብላ ገለጥ አደረገች። ከበሮውን ያዘች!

ጧ!

ከጋጣው በር የተሠራው ሳንቃ ጫፉ ተፈነቀለ፤ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ጎርማ ዓይኑን ገለጠና ዘሎ ውሃ ውስጥ ጠለቀ።

«አብጣ ነው! ጠቅጥቀሃታል አይደል?» ጮኹ አባ ደርሶ።

ዘንጎ ወደ ወለሉ አየ። ውሃው ጉልበቱ ደርሷል፤ ጀልባዋ ከሰጠመች ሽማግሌው ይሰጥማሉ፣ ሊማትም ድንጋዩ ላይ ትቀራለች። ግራ እጁን እስከ ብብቱ በቀዳዳው ከተተ። ውሃው ቆመ። ከታች አንድ ሞቃት ትንፋሽ ጣቶቹን ነካ።

«አውጣው! አውሬው እኮ ከታች ነው!» አሉ አባ ደርሶ።

«ቅዘፉ አባባ! ወደ ሊማት ቅዘፉ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጁም የኔ ነው!»

ቀዘፉ። ሊማት ከበሮውን አቅፋ ጀልባዋ ውስጥ ስትወድቅና ጎርማ ሲነክስ አንድ ሆነ። ዘንጎ የጮኸውን ጩኸት አዝመላ ድረስ ሰሙት ይባላል። አውሬው የዘንጎን እጅ ገንጥሎ ይዞ፣ ያንን ማማ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ። ሊማት እያለቀሰች ከበሮውን ሦስት ጊዜ መታች። ሰማዩ ተሰነጠቀ። መብረቁ ሐይቁ ላይ ከሁሉ ረዝሞ የቆመውን ራስ መታ፤ ጎርማ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደቀ፣ ሰጠመ፣ አልተመለሰም።

አባ ደርሶ ኩታቸውን ለሁለት ቀደዱት፤ በግማሹ የዘንጎን ትከሻ አሰሩ፣ በግማሹ ቀዳዳውን ደፈኑ። ዝናቡ ወረደ፤ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ዝናብ።

ማግስቱን የአዝመላ ዳርቻ ሲታይ፣ እልልታው ሲሰማ፣ ዘንጎ ተነስቶ ተቀመጠ። «መቅዘፊያ ስጡኝ።»

«አርፈህ ተኛ!» አለች ሊማት።

«ጀግና ተጋድሞ አይገባም!»

ቀዘፈ። ጀልባዋ ዞረች። ደግሞ ቀዘፈ፤ ደግሞ ዞረች፣ እንደ እንዝርት። ዘንጎ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ።

ሊማት ከበሮውን ገፋ አድርጋ በግራው በኩል ተቀመጠችና ሌላውን መቅዘፊያ አነሳች።

ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች።