ቀጭን ሻይ

አቶ ሺኖዳ የሞቱት ከምሳ በኋላ፣ በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ሳሎን ውስጥ፣ ዊልቸራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ፊታቸው ጠቁሯል፤ አንገታቸው ላይ የታሰረው ፎጣ ርሷል። በግራቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ ግማሽ የደረሰ የሻይ ኩባያ ተቀምጧል። ሐኪሙ ኩባያውን ዘንበል አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሻዩ ቀጭን ነበር። ስትሮክ ጉሮሯቸውን ካሰነፈው ወዲህ ለአቶ ሺኖዳ የሚቀርብ ፈሳሽ ሁሉ በዱቄት ወፍሮ እንደ አጥሚት መሆን ነበረበት፤ ቀጭን ከሆነ ሆድ በመውረድ ፈንታ ሳንባ ይገባል።

ሻይ ያደለችው ዲልሩክሺ ነበረች። ስለዚህ ማንም ምንም አልጠየቃትም። ሁሉም ይቅር አሏት።

ያቃጠላት ይኸው ይቅርታ ነው። ከስሪላንካ መጥታ፣ ባሏ ወደቡ አጠገብ ያገለገሉ መኪኖች ሲነግድ፣ እሷ በየሐሙሱ ያለ ክፍያ የዚህን ፎቅ ሕሙማን ሻይ ስታጠጣ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በቾፕስቲክ መብላት በመቻሏ ሲያደንቋት ኖረዋል። አሁን ደግሞ ሰው በመግደሏ ያባብሏታል።

«አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ!» አለቻት ዋና ነርሷ ሲስተር ኦኩማ፣ ቃሉን እንደ ማስቲካ እየጎተተች፣ በእጇም የመጠጣት ምልክት እያሳየች። «ከአልጋው በላይ ያለው ጽሑፍ፣ ከባድ ነው። ማንበብ፣ አትችይም። ቤተሰቡ ፊት ጎንበስ ብለሽ ይቅርታ በይ፣ ያልቃል።»

«አንብቤዋለሁ። ዱቄቱንም ጨምሬያለሁ።»

«አዎ፣ አዎ። ብቻ ጎንበስ በይ።»

«ላላደረግኩት?»

«እኛ እኮ ላላደረግነውም ይቅርታ እንላለን። ምን ይቀርብሻል?»

ስሜ፣ ልትል ነበር። ግን ብትጮህ ቁጡ የውጭ ሰው ትባላለች፤ ብትጎነበስ ገዳይ ሆና ትቀራለች። ነገ ደግሞ በፈገግታ «ትንሽ እረፊ» ይሏታል፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ፎቅ ባዕድ እጅ የሻይ ጋሪ አይነካም። የሟቹ ልጅ ኖቡሂዴ እንኳ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ «አይጨነቁ፣ እኛ አንከስም» ብሏታል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይታ አታውቅም፤ በጥፊ ብትለው ደስ ባላት።

ድንገተኛ ሞት ስለሆነ ፖሊስ ተጠራ። የመጣችው ኢንስፔክተር ካቱራ ለጡረታ የደረሰች አጭር ሴትዮ ናት። ፈገግ አትልም፣ ቃልም አትጎትትም። ዲልሩክሺን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት።

«ኩባያውን በየት በኩል አስቀመጡላቸው?»

«በቀኝ፤ ሁልጊዜ በቀኝ ነው። ከስትሮኩ ወዲህ በግራቸው ያለ ነገር አይታያቸውም። የሰሃናቸውን ግራ ግማሽ ሳይነኩ ጠገብኩ ይላሉ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«አዘውትሮ የሚጠይቃቸው ሁሉ።»

«ሻዩን ሲሰጧቸው ምን አሉ?»

«እንደ ወትሮው ሰደቡኝ። ‹ዕድሜ ልኬን ሻይ ያበቀልኩ ሰውዬ ሙጫ ታጠጪኛለሽ?› አሉኝ። እኔም በአገሬ ቋንቋ ሰድቤያቸው ወደ ሌላው ክፍል ሄድኩ። እንዋደድ ነበር።»

ካቱራ አልሳቀችም፤ ግን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ሬሳው ሄዳ አጎነበሰች። ፎጣውን አሸተተች። በሰው ሠራሽ ጥርሳቸው መሃል የተሰካ ነገር በመቆንጠጫ አወጣች። ኮሪደሩ ላይ ካለው ማሽን ሻይ ቀድታ በብርሃን አየችው። በመጨረሻም መስኮቱ ሥር ያለውን ትልቅ የአበባ ሸክላ ቅጠል በእስክሪብቶ ገለጥ አድርጋ ብዙ ቆየች።

ቤተሰቡ በየተራ ቀረበ። በየቀኑ ምሳ የምታበላቸው ምራታቸው፣ የኖቡሂዴ ሚስት ሱሚዬ፣ ምድር ቤት ልብሳቸውን እያጠበች እንደነበር ተናገረች። በየእሁዱ ሾጊ የሚባለውን የጠጠር ጨዋታ አብሯቸው የሚጫወተው ወንድማቸው ቶኩጂ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ተደብቆ ሲጋራ እያጨሰ ነበር።

«ሦስታችሁ አብራችሁ የመጣችሁት ለምንድነው?» አለች ካቱራ።

«ለሻይ ማሳው ነዋ!» አለ ቶኩጂ። «ልጁ ሻዩን ነቅሎ የፀሐይ ኃይል ለሚያመርቱት ሊሸጠው ነው። ወንድሜ ደግሞ ውሉ ላይ ማኅተሜን አላሳርፍም ብሎ እንቢ አለ።»

ልጁ ኖቡሂዴ የሚኖረው ለብቻው ቶኪዮ ነው። «ኮሪደር ላይ ስልክ እያወራሁ ነበር» አለ። «የሴትየዋ ስህተት ነው፤ እኛ ግን ቂም የለንም።»

ካቱራ ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሲስተር ኦኩማ ዲልሩክሺን በክርኗ ነካ አድርጋ «አሁን ጎንበስ በይ» አለቻት። ዲልሩክሺ አንገቷን ቀጥ አደረገች።

«ማንም አይጎነበስም» አለች ካቱራ። «መጀመሪያ ይህን እዩ።» የአበባውን ቅጠል ገለጠችው። አፈሩ ላይ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ተጋድሟል። «ቀጭን ሻይ ቢሆን አፈሩ ይመጠው ነበር። ይሄ ወፍራም ስለሆነ እንደ ጄሊ ቁጭ ብሏል። በጎ ፈቃደኛዋ ዱቄቱን ጨምራለች። ሌላ ሰው እዚህ ደፍቶት፣ ኩባያውን ከማሽኑ በቀጭን ሻይ እስከ ግማሽ ሞላው።»

ሲስተር ኦኩማ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ግን የገደላቸው ያ የማሽን ሻይም አይደለም። የማሽኑ ሻይ ተፈጭቶ የሚበጠበጥ ነው፤ ቅጠል የለውም። ጥርሳቸው መሃል ያገኘሁት ግን ለጋ ቅጠል ነው፤ ፎጣቸውም የሚሸተው እሱኑ ነው። የሻይ አገር ሺዙኦካ ተወልጄ የዘንድሮን የመጀመሪያ ለቀማ አላጣውም። ገና ገበያ አልወጣም። ስለዚህ ከገዛ ማሳቸው ነው የመጣው፣ ያመጣውም ከእናንተ ከሦስታችሁ አንዱ ነው።»

ቶኩጂ ሱሚዬን አየ። ሱሚዬ ወለሉን አየች።

«ያ ሰው አጠጥቶ ሲያበቃ የማሽኑን ኩባያ በግራቸው አስቀመጠው። ወይዘሮ ሱሚዬ በየቀኑ ታበላቸዋለች፤ በግራ አታስቀምጥም። አቶ ቶኩጂ ጠጠሮቹን ሁሉ በቀኝ ነው የሚደረድርላቸው። አቶ ኖቡሂዴ፣ እርስዎ አባትዎን ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቁት መቼ ነው?»

«በ... በአዲስ ዓመት።»

«ስለ ግራው እኮ ስንት ጊዜ በስልክ ነግሬህ ነበር» አለች ሱሚዬ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። «‹እሺ፣ እሺ› ትለኝ ነበር።»

ካቱራ ቦርሳውን እንዲከፍት ጠየቀችው። ትንሽ ፔርሙዝ ወጣች። ክዳኗ ሲነሳ የግንቦት ማሳ ሽታ ሳሎኑን ሞላው።

«ለመነኝ!» አለ ኖቡሂዴ። «እውነተኛ ሻይ አምጣልኝ አለኝ። ለአባት ሻይ መስጠት ወንጀል ነው?»

«አይደለም» አለች ካቱራ። «ግን ሲያንቃቸው የነርስ መጥሪያው እጅዎ ሥር ነበር። እርስዎ በዚያ ሰዓት ጥፋቱን የሚጥሉበትን ሰው ይመርጡ ነበር።»

ይዘውት ሲወጡ ክፍሉ ሙሉ ጎንበስ ቀና ሆነ። ነርሶቹ ለካቱራ ተጎነበሱ፣ ቶኩጂ ለነርሶቹ፣ ሱሚዬ ለሁሉም። ሲስተር ኦኩማም ወደ ዲልሩክሺ ዞራ ወገቧን ሰበረች።

«ለተፈጠረው ሁሉ፣ ይቅርታ።»

«ለየትኛው?» አለች ዲልሩክሺ።

«እ... ለሁሉም።»

«ለሁሉም አልፈልግም። አንዱን ይንገሩኝ።»

ሲስተር ኦኩማ ቀና አለች። እዚያ አገር እንዲህ አይጠየቅም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ግራ ቀኝ አየች፤ የሚያግዛት አልነበረም። ከዚያ እጇን ሳታወናጭፍ፣ ቃል ሳትጎትት፣ ከባልደረባዋ ጋር እንደምትነታረክ ሁሉ አፈሰሰችው፤ ታነቢ እንደሆን ሳልጠይቅ አታነብም አልኩ፣ አንዴም አልጠየቅኩሽም፣ ፈርቼ ነው፣ ጥፋተኛው ከኛ አንዱ እንዳይሆን ስለፈለግኩ ነው።

በጣም ስለፈጠነች ከመሃል አንድ ቃል ዲልሩክሺን አመለጣት። ብትጠይቅ ቃል መጎተቱ ይመለሳል፤ ብትሞት አትጠይቅም።