የሟች እህት ስም

በሳዮቶ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን የፔሌዋን ቤት የማያውቅ የሻውኒ ሰው አልነበረም። ፔሌዋ የሴቶች አለቃ ነበረች። ለዘመቻ የተነሱ ጎረምሶች ፊት ቆማ «እኛ የወለድናችሁ ለዚህ አይደለም!» ካለች የጦሩ መሪ እንኳ መጥረቢያውን ይጥል ነበር። ሞት ግን የሴት አለቃ ቃል መች ይሰማል! የኦሃዮን ወንዝ ተሻግረው ደናችንን የሚመነጥሩት፣ «ረጃጅም ጎራዴዎች» የምንላቸው ነጮች ባሏን ገደሉባት። ያ ክረምት ሳይወጣ ደግሞ ትንሿ ልጇ ዋፔቲ በሳል ታፍና እቅፏ ውስጥ አለፈች። ፔሌዋ ፊቷን አመድ ቀብታ፣ ፀጉሯን ቆርጣ፣ እህል አልቀምስም ብላ ተቀመጠች።

የቀረቻት የአሥር ዓመቷ ኪሳትዋ ነበረች። ኪሳትዋ የበቆሎ ገንፎ እያበሰለች፣ በእጇ ወደ እናቷ አፍ እያስጠጋች፣ «እማዬ፣ እኔ አለሁልሽ እኮ! አንዴ ብቻ ቅመሺልኝ...» ትላለች። እናት ግን ልጇን አሻግራ በሩን ታያለች። ምን ታድርግ? በሕይወት መኖሯ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረባት?

በዚህ መሀል ዘማቾች ከድንበር ሲመለሱ አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት የስድስት ዓመት ልጅ ማርከው መጡ። ሴቶቹ ወንዝ አውርደው አጠቧት፤ በእኛ ዘንድ እንዲያ የታጠበ ሰው እንደገና ተወልዷል፣ የእኛው ሥጋ ነው። ፔሌዋም የምታለቅሰውን ልጅ አቅፋ «ዋፔቲ» ብላ ጠራቻት። ያን ዕለት ፔሌዋ እህል ቀመሰች! መንደሩ በደስታ እልል አለ። ኪሳትዋ ግን ከቤቱ ጀርባ ሄዳ፣ ስትለምንበት የከረመችውን ገንፎ ለውሻ ደፋችው።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። ፔሌዋ የቀይዋን ፀጉር በድብ ስብ ስታለሰልስ ኪሳትዋ ታያለች። የመጀመሪያው እሸት በቆሎ ለማን እንደሚጠበስ ታያለች። «ኪሳት፣ ነይ አብረን እንዋኝ!» ስትላት የዋፔቲ ድምፅ ራሱ እንደ እሾህ ይወጋታል። በመጨረሻ በፀደዩ የዳቦ በዓል ፔሌዋ በሕዝቡ ፊት ተነስታ፣ «ከእኔ በኋላ በወንበሬ የምትቀመጠው ዋፔቲ ናት» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ኪሳትዋን አያት... እሷም ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ምን እንዳዘለ ማን ሊያውቅ?

መኸር ሲደርስ የጎራዴዎቹ ሠራዊት መጣ። አዛዣቸው «ምርኮኞቻችንን እስከ መጨረሻው ሰው ካልመለሳችሁ መንደራችሁን አቃጥላለሁ» ብሎ ላከ። ሽማግሌዎቹ እያለቀሱ ተስማሙ። ፔሌዋ ግን ዋፔቲን ከረግረጉ ማዶ፣ ውስጡ ባዶ በሆነ ትልቅ ግንድ ሸሸገቻት። ስንቅ የምታመላልሰው ኪሳትዋ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ወደ ወታደሮቹ አስተርጓሚ ጠጋ ብላ «ከረግረጉ ማዶ፣ ግንዱ ውስጥ» አለችው። ይኸው ነው፤ አራት ቃል።

ዋፔቲን በገመድ አስረው አመጧት። ፔሌዋ መሬት ላይ እየተንከባለለች «ማነው ልጄን አሳልፎ የሰጠብኝ? ማነው?» ብላ ጮኸች። የታሰረችው ልጅ እህቷን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያም፣

«ማንም አይደለም እማዬ» አለች። «በርዶኝ እሳት አነደድኩ፤ ጭሱን አይተው ነው።»

እናት ደረቅ ሥጋና በቆሎ ተሸክማ ሠራዊቱን ሰባት ቀን በእግሯ ተከተለች። ስትመለስ ታማ ነበር። ልትሞት ስትል የኪሳትዋን እጅ ይዛ፣ «አንቺ ሁልጊዜ አጠገቤ ነበርሽ... ምነው አንድ ቀን እንኳ ልጄ ሳልልሽ ቀረሁ!» አለች። ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኳን የተራበችው ቃል መጣ፤ ግን ልትውጠው አልቻለችም።

ኪሳትዋ በእናቷ ወንበር ተቀመጠች። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በቆሎው እሸት ይዞ ሳለ፣ እግሯ የደማ፣ ቀይ ፀጉሯ ያለ ዕድሜዋ ሽበት የጣለበት አንዲት ሴት ወደ ሸንጎው ገባች።

«አንድ ሺህ ወታደር መድፍ ይዞ ኦሃዮን ተሻግሯል። በሦስት ቀን ውስጥ እዚህ ነው። ልጆቹን አሽሹ!»

«ሰላይ ናት!» አለ አንድ ጎረምሳ። «አዝመራችንን ትተን እንድንሮጥላቸው ነው!»

«ሻውኒኛዋን ስሙላት! ጎራዴዎቹ በደንብ አስተምረው ላኳት!» ብሎ ሌላው ሳቀ።

የመንደሩ አለቃ ዞረ። «እመት ኪሳትዋ፣ ይህቺን ሴት ያውቋታል?»

ኪሳትዋ አወቀቻት። ያ የጥንቱ እሾህ ተላወሰ። ወንበሬን ልትወስድ መጣች! «አላውቃትም» ብትል ሁሉም ነገር ያበቃል... ተነሳች።

«እህቴ ናት። ያኔ ጭስ አልነበረም፤ የጠቆምኳት እኔ ነኝ። በቅናት! እናቴንም የገደልኳት እኔ ነኝ። እሷ በሕይወቷ የዋሸችው አንድ ጊዜ፣ ለእኔ ስትል ነው። እመኗት!»

አሮጊቶቹ ፊታቸውን አዞሩባት። በዚያው ቅጽበት ከወንበሩ አስነሷት። መንደሩ ግን ልጆቹን አዝሎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን መድፉ ጮኸ። ስደተኛው እስኪርቅ ጥቂት ወንዶች በማሳው ዳር መከቱ፤ ኪሳትዋም ጠመንጃ እያጎረሰች አብራቸው ቀረች። ጥይት ሆዷን መታት። ዋፔቲ ተመልሳ ከበቆሎው መሀል ጎትታ አወጣቻት፤ ከኋላቸው ቤቱም አዝመራውም ይነድ ነበር።

«ለምን... ለምን ያኔ ዝም አልሽ?» አለች ኪሳትዋ።

«ብናገር ኖሮ እማዬ በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ታጣ ነበር።»

የኪሳትዋ እንባ ወደ ጆሮዋ ወረደ። «አየሽ... ዛሬም ቀናሁብሽ። በልብሽ ቀናሁብሽ፣ እህቴ።»

ያ የመጨረሻ ቃሏ ሆነ። ዋፔቲ በእጇ አፈር ቆፍራ ቀበረቻት፣ ሕዝቧንም ተከትላ ወደ ምዕራብ ሄደች። ስንት መንደር ነደደብን፣ ስንት ጊዜ መልሰን ሠራን፣ ስንት ጊዜ ተዋጋን! ጠላት የሚያቃጥለው ከደጅ ነው፤ ከውስጥ የሚያቃጥለውን ግን የትኛው ምሽግ ይመክተዋል? ዕጣችን ሆነና ሁለት እህትማማቾች የተፋቀሩት ሊለያዩ ጥቂት ትንፋሽ ሲቀራቸው ነበር። ያችም ጥቂት ትንፋሽ ባትኖርስ ኖሮ?