የጋሽ ኤርካሎ ዜኒት

አስካለች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ባሏን ኤርካሎን ከፎቶ ቤቱ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቶ አገኘችው። ነካችው፤ ቀዝቅዟል። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ደረጃው ላይ አረፈ። የልጇ የሚልክያስ ኮፍያ። ሳትጮህ አፏን ዘጋች። ሚልክያስ ጠዋት «ይህን የሞተ ፎቶ ቤት ዝጋው» እያለ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ነው የወጣው። ኮፍያውን በነጠላዋ ጠቀለለች። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ኢንስፔክተር ሙሉመቤት ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሬሳውን ጎንበስ ብላ አየች፣ ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች።

«የተመታው ማጅራቱን ነው፤ ወደ ኋላ ነው የወደቀው። ፊቱን ወደ ደረጃው ላይ አዙሮ ሰው እያነጋገረ ነበር። እናቴ፣ ዛሬ እነማን መጡ?»

አስካለች ነገረቻት። በየጊፋታው፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በዜኒት ካሜራ ሥራ የጀመሩ ፎቶ አንሺዎች ኤርካሎ ዘንድ ይሰበሰባሉ። የእሱ አሮጌ ዜኒት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የያዘው ሰው የመጀመሪያ ካሜራውን ታሪክ ያወራል። መጨረሻ ላይ ኤርካሎ አንድ ፎቶ ያነሳቸዋል። ካነሳ በኋላ ግን ፊልሙን እስከ ከርሞ ጠምዝዞ አያሳልፈውም፤ ስፕሪንጉ ተወጥሮ ከከረመ ይላላል ይላል። ዘንድሮ የመጡት ሁለት ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲው ፎቶ አንሺ ጸሐዬና ሠርግ የሚያነሳው ቶማ።

ኢንስፔክተሯ ሁለቱን አስጠራቻቸው። ጸሐዬ ፎቶው እንደተነሳ ቀድሞ መውጣቱን ተናገረ። ስለ መጀመሪያ ዜኒቱ ስትጠይቀው በእንባው መሃል ሳቀ።

«የአጎቴ ነበረች። ገና አንዴ ብጫናት ማያዋ ድርግም አለ። ሰበርኳት ብዬ ኦቶና ሰፈር ፎቶ ቤቱ ድረስ እያለቀስኩ ሮጥኩ። ጋሽ ኤርካሎ ነው ስቆብኝ ያስተማረኝ።»

ቶማ ደግሞ ፍየል ሸጦ እንደገዛት አወራ። ሁምቦ ውስጥ ከድርቁ በኋላ አንድ ጋሪ ነጂ አፉን ከፍቶ ዝናብ ሲጠጣ ያነሳው በእሷ ነው። ዘንድሮ በከተማው የፎቶ ኤግዚቢሽን አንደኛ የወጣችለት ፎቶ ናት።

«ባልናገረው ደስ ባለኝ፣ አስካለች እህቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ጸሐዬ ከወጣ በኋላ ሚልክያስ ተመልሶ መጣ። እኔም ልሄድ ስል ለስንብት ዜኒቷን አንስቼ አየሁባቸው፤ አባትና ልጅ መስኮቱ ጋ ይጨቃጨቃሉ። ጠረጴዛው ላይ መልሻት ወጣሁ።»

አስካለች ነጠላዋን ወደ ደረቷ ጨበጠች። ጌታ ሆይ፣ ልጄን አለች በሆዷ። ኢንስፔክተሯ ካሜራውን በጓንት አንስታ አየችበትና በፌስታል አሸገችው። ስትወጣ አስካለች አጠገብ ቆመች።

«እናቴ፣ ነጠላዎ ከብዶዎታል።»

አስካለች መሬት መሬት አየች።

በቀብሩ ማግስት ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ፎቶ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። በቶማ ቃል የታሰረውን ሚልክያስን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት መጡ። ኢንስፔክተሯ ዜኒቷን ከፌስታሉ አውጥታ ለጸሐዬ ሰጠችው።

«እይባት።»

«ጨለማ ነው። ተነስቶባት ፊልሙ ካላለፈ ማያዋን የሚያበራው መስታወት አይመለስም።»

«ጋሽ ኤርካሎ አንስቷችሁ እንደ ልማዱ ተዋት። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ያሳለፈው የለም። ቶማ፣ አንተ በምን አየህ?»

ቶማ ከንፈሩን ላሰ። «ምናልባት... በዓይኔ ይሆናል።»

«ሚልክያስ ተመልሶ መጣ ያልከው አንተ ብቻ ነህ። አየሁባቸው ባልከው ካሜራ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው። ዜኒት የነበረው ሰው ደግሞ ይህን አይረሳም፤ ጸሐዬ አልቅሶባታል። አንተ ኖሮህ አያውቅም። ታዲያ የሁምቦውን ፎቶ በምን አነሳኸው?»

አስካለች ድንገት ትዝ አላትና ቀና አለች። ያንን ዝናብ ያነሳው ኤርካሎ ነበር። ያኔ ቶማ ፊልም አጣቢው ነበር፣ «ተበላሸ» ብሎ ነገረው። ባለፈው ኤግዚቢሽኑን አይቶ ሲመለስ ኤርካሎ እራቱን አልበላም።

«ፎቶው የኤርካሎ ነው። ‹ቶማን ለብቻው ነው የማነጋግረው፣ ወንጌሉ እንደሚለው›» አለች አስካለች። «ያለኝ እንዲህ ነው። በሰው ፊት አላዋርደውም አለ።»

ቶማ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ለፎቶ አንሺዎቹ ሁሉ አንተው ራስህ እውነቱን ንገራቸው አለኝ። ልውጣ ስል ደረጃው ላይ ከፊቴ ቆመ፣ እጄን ያዘኝ። እጄን ለማስለቀቅ ነው የገፋሁት... ሲወድቅ አየሁት።»

ፖሊሶቹ የሚልክያስን እጅ ለቀው የቶማን ያዙ። ጸሐዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አስካለች ነጠላዋን ፈታ ኮፍያውን ለልጇ ዘረጋችለት። ሚልክያስ የዚያን ዕለት ጠዋት ተናዶ ሲወጣ ጥሎት የሄደው መሆኑን አወቀ፤ ኮፍያውን አየ፣ እናቱን አየ።

«እማዬ፣ እኔ ገደልኩት ብለሽ ነው የደበቅሽው?»

አስካለች አፏን ከፈተች። በጌታ ፊት ልትዋሽ አልቻለችም፣ ለልጇም እውነቱን መናገር አቃታት። ኮፍያው በሁለቱ መካከል፣ በእጇ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።