የኦስታፕ ወንበር

እንግዳው ሰውዬ በረቱ ውስጥ፣ ወደ ድርቆሹ በሚያወጣው መሰላል ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ላሞቹ አጠገቡ ቆመው ያመሰኳሉ።

«ድርቆሽ ሊያወርድልን ወጥቶ ወድቆ ነው» አለ ዳኒሎ።

ጡረተኛው የፖሊስ መርማሪ ኦኑፍሪ መሰላሉን ቀና ብሎ አየ። የመሰላሉ መወጣጫዎች ላይ የተጋገረውን አመዳይ ማንም አልነካውም፤ ያልወጣ ሰው ደግሞ አይወድቅም።

በረዶው መንገዱን ከዘጋ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ የስልኩም ሽቦ ተበጥሷል። ገዳዩ መሄጃ የለውም፤ የቀሩትም እንዲሁ። ቤቱ ውስጥ ያሉት እግሯ የማይታዘዝላት እማማ ፓራስካ፣ ልጇ ዳኒሎ፣ ምራቷ ስቴፋ፣ ስቴፋን ለማግባት ደጅ የሚጠናው መምህር ቴኦፊል፣ ለገና ዋዜማ ራት የተጋበዘው የቤቱ አበልጅ ኦኑፍሪም ናቸው።

የፓራስካ የበኩር ልጅ ኦስታፕ ከሰባት ዓመት በፊት ጀርመንን ሊደበድብ በተነሣ አውሮፕላን እንደወጣ ቀርቷል። ቴሌግራሙ «የገባበት አልታወቀም» ይላል፤ እሷም ያቺን ቃል እንደ ማተብ ይዛት ኖረች። በኋላ «እንደሞተ ይቆጠራል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ሚስቱ ስቴፋ በሕግ ነጻ ናት፤ አማቷ ፊት ግን አይደለችም።

ሟቹ ሃርቪ ከኦስታፕ ጋር የበረረ፣ ተማርኮ የተረፈ ሰው ነው። የመጣበትን ከራት በኋላ ለኦስታፕ እናት ለራሷ እንደሚናገር ገልጾ አፉን ዘግቶ ነበር።

ኦኑፍሪ ሦስቱን አንድ በአንድ ወደ ማድ ቤት ጠራ። እንዲቀመጡበት ያቀረበላቸው የኦስታፕን ወንበር ነው።

ቴኦፊል ዘፍ አለበትና እንጨት ሲፈልጥ እንደነበር፣ ሃርቪም ምንም እንዳልነገረው ተናገረ። ስቴፋም ምንም አልሰማሁም አለች፤ መቀመጥ ግን አልፈለገችም።

«ሲመጣ ወንበሬን ማን ነካብኝ ይላል» አለችና አፈረች። «ከእናቱ ጋር ስኖር ተጋብቶብኝ ነው።»

ዳኒሎ ገባ፤ ወንበሩን እፍ አለና ተቀመጠ።

«ሃርቪ ስለ ወንድምህ ምን ነገረህ?»

«ምንም። ለእማማ ነው የምናገረው አለኝ፣ ተውኩት።»

«አላጓጓህም?»

«ጋሼ፣ ሰባት ዓመት የጠበቅን ሰዎች ለአንድ ራት እንቸኩላለን?»

ኦኑፍሪ ሁሉንም ወደ ጠረጴዛው ሰበሰበ። በማር የተለወሰው የስንዴ ንፍሮ ቀርቧል፤ የነካው ግን የለም።

«ሃርቪ አልወደቀም» ብሎ ጀመረ። «መሰላሉ ላይ እግር አላረፈም። ተገፍቶ ጭንቅላቱ ከግርግሙ ጋር ተላትሟል። ገዳዩ ደግሞ ሃርቪ የያዘውን ወሬ ቀድሞ ሰምቷል፤ ካልሰማ ምን ያጣላዋል? ሦስታችሁም ግን አልሰማንም አላችሁኝ።» ወደ ፓራስካ ዞረ። «አበልጄ፣ በዚህ ማታ ወንበር ላይ ከመቀመጣችን በፊት እፍ የምንለው ለምንድን ነው?»

«ሙታን መጥተው ተቀምጠው እንደሆነ እንዳንጫናቸው።»

«የባልሽን ወንበር?»

«እፍ እንላለን።»

«የኦስታፕንስ?»

«በቤቴ የእሱን ወንበር እፍ ያለ ሰው የለም» አለች። «ልጄ አልሞተም።»

«ዛሬ አንድ ሰው አለ። ቴኦፊል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ስቴፋ ይመጣል ብላ ቆመች። ዳኒሎ፣ አንተ ግን ሰባት ዓመት ያላደረግከውን ዛሬ አደረግክ። ወንድምህ መሞቱን ከሃርቪ በቀር ማን ይነግርሃል?»

ዳኒሎ በሩን አየ። በረዶው መስኮቱን እስከ ግማሽ ሸፍኖታል።

«እንዳይነግራት ለመንኩት» አለ። «ከሰማች ትሞትብኛለች አልኩት። ቃል ገብቻለሁ ብሎ እምቢ አለ። ገፋሁት... ልገድለው አልነበረም።»

ኦኑፍሪ ፓራስካ ትጮኻለች ብሎ ፈራ። እሷ ግን ልጇን ትክ ብላ አየችው።

«እንዴት ሞተ አለህ?»

«እማማ፣ ተይኝ።»

«ሊነግረኝ የመጣውን ሰው ገድለኸዋል። ካንተ በቀር የሚነግረኝ የለም። ንገረኝ።»

ዳኒሎ ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ። «አውሮፕላኑ ሲቃጠል ሃርቪ በሩ ላይ ፈርቶ ቆመ። ኦስታፕ ነው ያወጣው። እሱ ራሱ መዝለያ ጊዜ አላገኘም። በጁ...» የገዛ እጁን አየ። «በጁ ገፍቶ አተረፈው።»

ፓራስካ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች፤ የኦስታፕን ወንበር ሳበችና ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት። ንፍሮውን በሁለት ሳሕን ጨልፋ አንዱን ለኦስታፕ፣ አንዱን ለሃርቪ አኖረች።

ለዳኒሎ የጨለፈችለት ስቴፋ ናት።