ሽማግሌ ያጣ ሙሽራ

ውብአለም ዳኛቸውን መጀመሪያ ያየችው ከሙክት ጋር ሲታገል ነው። ያስያዘችውም ራሷ ናት።

የእንስሳት ሐኪም ነች። ያን ቀን ጋፋት ላይ በጎች ትከትባለች። እሱ ደግሞ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር፣ የገበሬውን ገቢ ላጥና ብሎ ተማሪዎቹን አስከትሎ የመጣ ነው። ጫማው ያብረቀርቃል። ከወረዳ የተላከላት ረዳት መሰላት።

«አጥብቀህ ያዝልኝ!»

«እኔ እኮ መምህር ነኝ...»

«መምህር እጅ የለውም?»

ሙክቱ ረግጦ ጭቃ ላይ ዘረረውና ፈረጠጠ። ተማሪዎቹ በሳቅ ሞቱ። ዳኛቸው ሱሪውን እያራገፈ ተነሳና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ለመሆኑ ይኼ ስንት ይሸጣል?» አላት።

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ወደደችው።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። የድጓ መምህሩ መሪጌታ ይሻው ሁለት ሰዎች አስከትለው አባቷ አቶ አድማሱ ደጃፍ ቆሙ። አባትም እንደ ወጉ «ተማክረን እንነግራችኋለን፤ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» አሉ። እንዲህ ማለት እሺ ማለት ነው፤ ይኼን የማያውቅ የለም። ቀጠሮው ሳይደርስ ግን ዳኛቸውን ብሔራዊ ባንክ ወሰደው።

«አዲስ አበባ ልደላደልና ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ» አላት።

እዚያ የዋጋ ንረት የሚያጠና ክፍል ገባ። ባንኩ ውስጥ አንድ ቃል ካመለጠ ገበያ ይናወጣል እያሉ ቃል መቆጠብ አስተማሩት። ቆጥቦ ቆጥቦ ለእሷም አሳጣት።

«ለፋሲካ ትመጣለህ?»

«ሁኔታዎች ከፈቀዱ።»

«ትወደኛለህ?»

«እሱማ... አዝማሚያው ጥሩ ነው።»

«አዝማሚያህ ገደል ይግባ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ማታ ግን መልሳ የደወለችው እሷው ነች። ፍቅር እንዲህ ነው የሚያዋርደው።

ኋላ ሽማግሌዎቹን መልሶ ላከ። አባት ፈቀዱ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። እናቷ እቴነሽ ጌሾ ገዙ፣ ብቅል አበቀሉ። ኅዳር ላይ ዳኛቸው ደወለ። አንድ የግል ባንክ በትልቅ ደመወዝ የፋይናንስ ኃላፊ አድርጎታል።

«አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ፣ ውቤ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።»

«እኔ የማፈሰው እንኳ የለኝም! ብቅሉ ሻገተ!»

ዓመቱ አለፈ፤ ሌላው ተተካ። ውብአለም የበግ ጠረን ያላትን ሴት ለባንክ ጓደኞቹ ማሳየት አፍሮ ነው ብላ ደመደመች። ያን ያህል አስባ አታውቅም፤ ያን ያህልም አልቅሳ አታውቅም። ሐምሌ ላይ ከይፋግ የአንድ ነጋዴ ሽማግሌዎች መጡ። አባቷ ጠሯት።

«ሰውየው ጨዋ ነው፣ ልጄ። እሑድ መልስ እሰጣለሁ። ምን ልበል?»

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን፣ አባ።»

ለዳኛቸው ደወለችለት። «የሌላ ልሆን ነው። ከእንግዲህ አትደውልልኝ» አለችውና ዘጋች።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ገባና መሪጌታ ይሻው እግር ላይ ወደቀ። ይኼን የነገሯት ኋላ ራሳቸው ናቸው፣ እየሳቁ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አሉት። «አንተ ቆጥህ ላይ ሰንብት። እኛ ሽማግሎች ነን እንጂ የደርሶ መልስ መኪና አይደለንም።»

ሌሎቹንም ለመነ። እሺ ያለው የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ብቻውን መጣ። ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሙሽራ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ደጃፉ ላይ፣ ሽማግሎች እንደሚቆሙት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቆመ። ውብአለም ጓዳ ሆና በበሩ ስንጥቅ ታያለች። ንዴቷ አልበረደም።

«ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ» አሉ አባቷ።

«ጉዳዬ ሳይሰማልኝ አልቀመጥም፣ አባባ።»

«ሽማግሎችህስ?»

«ታከታቸው።»

«እኔንስ አልታከተኝም?»

«እሱንም አውቃለሁ።»

አቶ አድማሱ በረጅሙ ተነፈሱ። «ለመሆኑ አሁን ሥራህ ምንድን ነው? ሽማግሌ በላክህ ቁጥር ሌላ ቦታ ነህ።»

«ባንኩን ለቅቄያለሁ። ከመስከረም ጀምሮ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ በጀመርኩበት።»

«ወይ ጉድ! እንጀራህ ሲሰፋ ቀረህ፤ ሲጠብ መጣህ?»

ውብአለም ከዚህ በላይ አልቻለችም። ወጉ ከጓዳ እንዳትወጣ ነው፤ ወጣች።

«የቀረኸው በእኔ አፍረህ አይደል?»

«በአንቺ?» ዳኛቸው ደነገጠ። ውሃው ከጋቢው ይንጠባጠባል። «በራሴ ነው እንጂ ያፈርኩት፣ ውቤ። የአገር ገንዘብ የማጠና ሰው፣ አንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ ላስገባሽ? ትንሽ ይሻለኝና ላምጣሽ እላለሁ። ሲሻለኝ ደግሞ ሌላ ያምረኛል። ስልኩን ስትዘጊብኝ ነው፣ ማን እንደሚገባበት ሳላውቅ ቤት ስሠራ መኖሬን ያወቅሁት።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት አንዲት ቃል መናገር አቅቶህ?»

«አቅቶኝ።»

ደጃፉ ድረስ ቀረበችው።

«ትወደኛለህ?»

«እወድሻለሁ።»

«ሁኔታዎች ባይፈቅዱስ?»

«ባይፈቅዱም።»

እንባዋ መጣ። በመምጣቱም ተናደደች። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወግ ወግ ነውና።

«እንግዲህ... ተማክረን፣ በአሥራ አምስት ቀን—»

«አባ! እኔ ስማከር ነው የኖርኩት!»

እቴነሽ ከጓዳ ሳቁ። አቶ አድማሱ ሚስታቸውንም ልጃቸውንም ተራ በተራ አይተው ተሸነፉ።

«ለይፋጎቹስ ምን ልበል?»

«ዕድሜ ይስጥልኝ ብላለች ይበሏቸው።»

«በል አንተ ግባና ተቀመጥ» አሉት አባቷ። «ደጃፉን አጨቀየኸው።»

ጥር ላይ፣ በሠርጉ ዋዜማ፣ መሪጌታ ይሻው የአቶ አድማሱ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ያያሉ። ለድግስ ከመጡት ሙክቶች አንዱ ያነክስ ነበርና ውብአለም እግሩን ልታይለት ጎንበስ አለች። ሙሽራው ሐሳቡን ቀይሮ ደግሞ ለሽምግልና እንዳይልካቸው የፈሩት መሪጌታ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

«አጥብቀህ ያዝልኝ» አለችው።

ያዘ። ሙክቱ ረገጠው። የድግሱ ውሃ ፈስሶ ባጨቀየው መሬት ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አዲሱ ሱሪው ተበላሸ፣ እጁ ግን አልላላም።

«ይኼስ ስንት ይሸጣል?» አላት እያለከለከ።

«አይሸጥም» አለችው። «የሠርግህ ነው።»