መርፌ የማያስገባው መስኮት

«አትንኪው ብያለሁ! ወገቤ እስኪቆረጥ የለጠፍኩትን!»

ቀጮ እጇን ከመስኮቱ ላስቲክ ላይ ቶሎ ሰበሰበች። የቦይለር ጠጋኙ መኪና መጥቶ እንደሆነ ለማየት ጥጉን ገለጥ ልታደርገው ነበር። አባቷ ወንበር ላይ ቆሞ የመጨረሻውን ጠርዝ በፕላስተር እየዘጋ ነው። ከአፉ የሚወጣው ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታያል፤ እቤት ውስጥ ሆኖ ማለት ነው።

በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የክፍል ኃላፊዋ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ «ቀጮ» ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የፈለገችውን ያህል ብትበላ አንድ ግራም አትጨምርም። ትንሽ ወንድሟ ደግሞ የእሷንም ድርሻ የወሰደባት ይመስል ክብ ነው፤ እሱን «ድንቡሼ» ይሉታል። ድንቡሼ አልቆበት የማያውቅ ጉልበት አለው። ገና ጡት ሳይጥል ጀምሮ በቀን ተኝቶ አያውቅም። እናቱ ለምናው፣ አያቱ እሹሩሩ ብላው፣ አባቱ አስፈራርቶት፣ ወይ ፍንክች። «ይሄ ልጅ በቀን የተኛ ዕለት ጉድ ፈላ በሉ» ይላል አባትየው ሁልጊዜ።

ማሞቂያው የሞተው ትናንት ነው። ምድር ቤት ሆኖ ሙቅ ውሃ የሚያሰራጨው የሕንፃው ቦይለር አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ፤ በየቤቱ ግድግዳ ሥር ያሉት የብረት ማሞቂያዎች ቀስ በቀስ ቀዘቀዙ። ጎረቤቱ ሁሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲሰካ ደግሞ መብራቱም ሄደ። ጠጋኙ መጣ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ዕቃው እስኪመጣ ታገሱ» ብሎ ሄደ። ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ በብርጭቆ የተረፈው ውሃ በረዶ ሆኖ ተገኘ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ አውቶቡስ የለም። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ የሆነችው እናቷ መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ እዚያው ሥራ ቦታዋ አድራለች። አሳንሰሩ አይሠራም፤ አያቷ ደግሞ በዚያ ጉልበቷ አምስት ፎቅ ወርዳ የትም አትደርስም። እናም አራቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተከማችተዋል።

አባቷ መስታወት ገጣሚ ነው። የሰው መስኮት ሲሰበር የሚጠራው እሱ ነው፤ የራሱን ቤት መስኮቶች ግን ከሁሉም አስበልጦ ነው የሠራቸው። ዙሪያቸውን ጎማ አስገብቶ በሲሊኮን ደፍኗቸዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክብሪት ጭሮ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ይይዘዋል። እሳቱ ቅንጣት አይወዛወዝም። «አየህ አይደል? መርፌ አያስገባም!» ይላል አፉን ሞልቶ። አሁን ደግሞ ላዩ ላይ ላስቲክ ጨመረበት፤ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተትም በአሮጌ ፎጣ ጠቀጠቀው።

ከወንበሩ ወርዶ ደረጃው ላይ ያቀጣጠለውን የከሰል ምድጃ ይዞ ገባ። ሥራ ቦታው እጁን የሚያሞቅበት ምድጃ ነው። ከሰሉ ቀልቶ፣ ፍም ሆኖ፣ ያምራል።

«አይጨስም?» አለች አያቷ ከነብርድ ልብሷ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ።

«ጭሱን ውጪ ጨርሷል እማዬ። አሁን ፍም ብቻ ነው፣ ፍም ምን ያደርጋል?» አለና ወደ ቀጮ ዞረ። «ስሚኝ። እዚህ አጠገብ ያለ የሕፃናት ማቆያ መስታወት በብርዱ ተሰንጥቆ ረግፏል። ሄጄ ገጥሜ እመጣለሁ። በሩን እንዳትከፍቺ፣ መስኮቱን እንዳትነኪ። ሙቀቱን አደራ!»

«እሺ አባዬ።»

«አደራ ብያለሁ፣ ቀጮ!»

ሙቀቱ ሲመጣ ቀጮ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ከትናንት ጀምሮ ጣቶቿ የሷ አልነበሩም። አያቷ ጓንቷን አወለቀች። ድንቡሼ ካፖርቱን ወርውሮ ፍራሹ ላይ ይዘል ጀመር፤ «እኔ ቦይለር ነኝ! ቡፍ! ቡፍ!» እያለ። ቀጮ ሳቀችና የሒሳብ ደብተሯን አወጣች። ፈተናው ቅርብ ነው፤ ብርድ ሆነ ብሎ የሚምር አስተማሪ የለም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ቁጥሮቹ አልያዝ አሏት። ራስ ምታት ከግንባሯ በላይ ጨምድዶ ይዟታል፤ በመዳፏ ጫን አለችው።

«እኔንም ራሴን ወቀረኝ» አለች አያቷ፣ ሻሿን አጥብቃ እያሰረች። «ሆዴንም ገለበጠኝ። ያ ብርድ ነው እንዲህ የሚያደርገን።»

«ትንሽ ጋደም በይ እምዬ። አሁን ሞቅ ብሎናል።»

አያቷ የሆነ ነገር መለሰች፤ ቀጮ ግን ቃሉን አልያዘችውም። ጠረጴዛው ላይ በክንዷ ተደገፈች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንዴት ደስ ይላል ጸጥታው፣ አለች በልቧ። ቦይለሩም ዝም አለ። ድንቡሼ እንኳን ደክሞት ተኝቷል።

ዓይኗን ልትከድን ነበር።

ተኝቷል? በቀን?

ቀና ስትል ክፍሉ ዞረባት። ድንቡሼ ፍራሹ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ተዘርሯል፤ አፉ ተከፍቷል። «ድንቡሼ» አለችው። ድምጿ ከሩቅ የመጣ መሰላት። እየዳኸች ሄዳ ትከሻውን ነቀነቀችው። ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ ከመንከባለል በቀር ምንም የለም።

የሳይንስ አስተማሪያቸው አንድ ቀን ስለ ከሰል የተናገሩት ትዝ አላት። ጭሱን አትፍሩ፣ ጭሱን ታዩታላችሁ፣ የሚገድላችሁ የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው፤ ብለው ነበር። ያኔ ከኋላ ወንበር ከጓደኛዋ ጋር እየተሳሳቀች ነበር።

ፎጣውን ጎትታ በሩን ከፈተችው። ኮሪደሩም እንደ ክፍሉ የታፈነ ነው፤ የደረጃው በር ደግሞ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ድንቡሼን በብብቱ ይዛ ልትጎትተው ሞከረች፤ ሁለቴ ሳብ አድርጋው ተንበረከከች። አያቷስ? አያቷን ማን ይሸከማል? ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ላስቲኩን ቀደደችው። እጀታውን በሁለት እጇ ጠመዘዘችው፤ ሲሊኮኑ ይዞታል፣ ንቅንቅ አይልም። አባቷ የሠራው ነዋ! መርፌ የማያስገባ ነዋ!

አባቷ ትቶት የሄደው ትርፍ የመሣሪያ ሻንጣ በሩ አጠገብ ነው። መዶሻውን አነሳች። የዛሉት እጆቿ መሃሉን ሊመቱ ሲሉ፣ አባቷ ሱቁ ውስጥ አሮጌ መስታወት ሲያሰብራት የነገራት ትዝ አላት። «መሃሉን ብትመቺው ይመልስብሻል። ከጥጉ ነው የሚሸነፈው።» ፊቷን አዞረችና ጥጉን መታችው። አንዴ። ደግማ።

ብርዱ ዘሎ ገባ። እንደዚያ ስትሸሸው የነበረውን ብርድ አፏን ከፍታ ዋጠችው። ድንቡሼን አቅፋ ፊቱን ወደ ቀዳዳው አስጠጋችው፤ «ተነስ፣ ተነስ የኔ ወንድም፣ በእናትህ!» እያለች ጉንጩን ትመታዋለች። ምንም። ደግማ መታችው። ከዚያ አሳለው፣ ደረቷ ላይ አስታወከባት፣ ቀጥሎም እሪ ብሎ አለቀሰ። ቀጮም አብራው አለቀሰች፤ ለቅሶው እንዳያቆምባት ፈርታ አጥብቃ ያዘችው።

አያቷን ከነወንበሯ እየጎተተች አስጠጋቻት። አሮጊቷ ዓይኗን ገልጣ ደጋግማ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀጮ ፍሙን ደረጃው ላይ አውጥታ ውሃ ደፋችበት፤ ባዶውን ምድጃ ጨለማው ኮሪደር ጥግ አኖረችው።

ሲረጋጉ፣ ሦስቱም በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው እየተንቀጠቀጡ ሳለ፣ አያቷ እጇን ያዘቻት።

«ስሚኝማ ልጄ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«አታውቂውም እሱን። በገዛ እጄ ልጆቼን፣ እናቴን ልገድል ነበር ብሎ ካሰበ አለቀለት። ዕድሜ ልኩን እንቅልፍ አይወስደውም። ከሰሉ ሸተተኝ እለዋለሁ። መስታወቱን ደግሞ ሳይታወቅሽ ነው የሰበርሽው።»

«እሺ እምዬ» አለች ቀጮ። እውነትም አባቷን ስታስበው አዘነችለት።

አባቷ ሊመሽ ሲል መጣ። ጣቶቹ በብርድ ተሰነጣጥቀዋል፤ ጢሙ ላይ በረዶ አለ። ባዶውን መስኮት ሲያይ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ላስቲኩ ሲላቀቅ ልታጠብቀው ብላ መዶሻው አመለጣት» አለች አያቷ ፈጥና። «አትቆጣት። ልጅ ናት።»

ቀጮ ቁጣውን ጠበቀች። እሱ ግን መጥቶ እጆቿን ገለባበጠና አያቸው። «አልቆረጠሽም?» አለ። «ተይው፣ መስታወት ይተካል። አባትሽ መስታወት ገጣሚ አይደል!» ሊያስቃት ፈልጎ ነው። ቢቆጣት ኖሮ ይሻላት ነበር፤ እሱ እንዲህ ሲራራላት ውሸቱ ከበዳት።

ከሥራ የተረፈውን መስታወት ለካ፣ ቆረጠ፣ ገጠመ። ዙሪያውን ሲሊኮን ሞላበት፣ በጣቱ አለሰለሰው። ድካሙ እየለቀቀው ያንጎራጉር ጀመር። ሲጨርስ ክብሪት ጭሮ ጠርዙን ዞረው። እሳቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አየሽ? መርፌ አያስገባም!» ክብሪቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ፎጣውን በበሩ ሥር መልሶ ጠቀጠቀ። «ምድጃውስ የት ሄደ?»

«ከሰሉ ሸተተኝ፣ ኮሪደሩ ላይ አስወጣሁት» አለች አያቷ። «ይቅር ባክህ። ብርድ ልብሱ ይበቃናል።»

«እንዴት ይበቃሻል እማዬ? የዛሬው ሌሊት ከትናንቱ ይብሳል እያሉ ነው። ድንቡሼን እይው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ግድ የለም፣ ደረጃው ላይ ሽታው እስኪጠፋ አነድደዋለሁ። ሙሉ ከረጢት ይዤ መጥቻለሁ፤ እስኪነጋ ይበቃናል።»

እስኪነጋ። ቀጮ አያቷን አየቻት። አያቷ አንገቷን አቀርቅራለች፤ የሚቀጥለውን ሰበብ እየፈለገች ነው፣ ግን ሰበብ አልቆባታል። ድንቡሼ ጭኗ ላይ ተኮራምቶ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አባቷ እርጥቡን ምድጃ ከኮሪደሩ አምጥቶ በእጁ፣ ከረጢቱን በብብቱ ይዞ ቆመ። ደስ ብሎታል። ለልጆቹ ሙቀት ሊያመጣ ነው።

«ቀጮ፣ ክብሪቱን አቀብዪኝ።»

ቀጮ ክብሪቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። ያዘችው።

«እ? አምጪ እንጂ።»

«አልሰጥህም።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? በብርድ እየሞትን መቀለድ ያምርሻል?»

«መዶሻው አላመለጠኝም፣ አባዬ። ሆን ብዬ ነው የሰበርኩት። ከጥጉ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ።»

«ምን ቆርጦሽ?» ድምፁ ከፍ አለ።

ልትጀምር አፏን ከፈተች። ስለ አስተማሪው፣ ስለማይታየው ነገር፣ ስለ ራስ ምታቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ከሁሉም አንዱን ብቻ መረጠች።

«ድንቡሼ ተኝቶ ነበር» አለች። «በቀን።»

አባቷ የለመደው ቀልድ ከንፈሩ ላይ መጥቶ ነበር። ከዚያ ልጁን አየ። ምድጃውን አየ። አሁን የደፈነውን መስኮት፣ በበሩ ሥር የጠቀጠቀውን ፎጣ አየ። ወደ እናቱ ሲዞር እሷ ዓይኑን ሸሸች። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ከረጢቱ ከብብቱ ተንሸራቶ ከሰሉ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ስንት... ለምን ያህል ጊዜ?» አለ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ።

«ነቅቷል አባዬ። አልቅሷል። ግን ራሴን አሁንም ያመኛል። ለእማ ደውልላትና እዚያ ሆስፒታሉ ያሉትን ሐኪሞች ትጠይቅልን።»

አባቷ ስልኩን አወጣ። የተሰነጣጠቁት ጣቶቹ ቁጥሩን ይስታሉ፤ ደጋግሞ ይጀምራል። ቀጮ ክብሪቱን ኪሷ ከተተችው። ፎጣውን ከበሩ ሥር ሳብ አድርጋ አወጣችው፤ ቀዝቃዛው አየር በእግሯ ላይ አለፈ። ከዚያ የአራቱንም ብርድ ልብስ አንድ ፍራሽ ላይ ማከማቸት ጀመረች።